እጅዎን ለተክቢራ ሲያነሱ ትከሻዎን ያመዎታል?

በዚህ ወር የጤናና የሥነ ምግብ ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ብዙም የማይወራለት ህመም ነው፤ የትከሻ ህመም።

ሰፍ ተስተካክሎ ሰላት ሲጀመር ከጎንዎ የቆሙት አባት አንድ እጃቸው እስከ ጆሯቸው ሲደርስ ሌላኛው ደረታቸው ላይ ሲቀር አስተውለው ይሆናል። ወይም እናትዎ ሒጃባቸውን ከኋላ ለማሰር ልጅ ሲጠሩ፣ በርበሬውን ከመደርደሪያ ለማውረድ ጎረቤት ሲለምኑ፣ ሌሊት ጎናቸውን ሲቀይሩ «ወይኔ» ሲሉ ሰምተው ይሆናል። «ምን ሆነው ነው?» ሲባሉ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ብርድ መትቶኝ ነው፤ ይተወኛል»።

እውን ይተዋል? ከተወስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ካልተወስ ማን ላይ ነው የማይተው? ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ በሆዱ ይዞት የሚሄደው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ኪኒኑን ተቀብሎ ጥያቄውን ሳይጠይቅ ይመለሳል። ዛሬ ይህንን ጥያቄ አብረን እናያለን።

ከዓይደር እንጀምር

በመቀሌ ከተማ ዓይደር ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሆስፒታሉን ነው። የዓይደር ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2008 አገልግሎት የጀመረ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማስተማሪያ ሲሆን ከትግራይ በተጨማሪ ከአፋርና ከአማራ ክልል አዋሳኝ አካባቢዎች የሚላኩ ታካሚዎችን ይቀበላል። ከሩቅ ወረዳ በሪፈራል የመጣ፣ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ፣ በአደጋ የተጎዳ ሁሉ የሚሰበሰብበት ቤት ነው።

የአካባቢው ሰው ሥራ ትከሻን አያሳርፍም። መቀሌ የድንጋይ ቤት ከተማ ናት፤ ድንጋይ ጠራቢውና ግንበኛው ቀኑን ሙሉ መዶሻ ያነሳሉ። ውሃ ሲጠፋ እናቶችና ልጃገረዶች ቢጫውን ጀሪካን ይሸከማሉ። ቀለም ቀቢው፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው መምህር ሁሉም ክንዳቸውን ከፍ አድርገው ይውላሉ። በጎንደር ከተማ መምህራን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከተጠየቁት ከግማሽ የሚበልጡት በአንድ ዓመት ውስጥ የአንገት ወይም የትከሻ ህመም እንደነበራቸው አሳይቷል።

እንግዲህ ትከሻው ያመመው ሁሉ በቀጥታ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይሂድ ማለት ነው? አይደለም። አብዛኛው የትከሻ ህመም በሰፈር ጤና ጣቢያ፣ በጤና መኮንን ወይም በጠቅላላ ሐኪም ሊታይና ሊታከም የሚችል ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑም የሚጀምሩት ከዚያው ነው። ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ የሚገባቸውን ጥቂቶች ከታች እንለያቸዋለን።

ትከሻ እንዴት ይሠራል?

ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ እንደ ትከሻ በየአቅጣጫው የሚዞር የለም። ይህን ነፃነት ያገኘው አላህ (ሱ.ወ.) በልዩ አሠራር ስለፈጠረው ነው። የክንዳችን አጥንት ጫፍ ክብ ኳስ ይመስላል፤ የሚያርፍበት የብራኳ አጥንት ግን ጥልቅ ጉድጓድ ሳይሆን እንደ ትንሽ ማስታጠቢያ ዝርግ ነው። ኳሱ ከዝርጉ ላይ እንዳይንሸራተት ዙሪያውን የሚይዙት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። መገጣጠሚያውን ደግሞ እንደ ስስ ከረጢት ያለ ሽፋን ይጠቀልለዋል። ስለዚህ ትከሻ ሲያመን ብዙ ጊዜ የታመመው አጥንቱ ሳይሆን ጅማቱ ወይም ከረጢቱ ነው። ራጅ ተነስተው «ምንም የለብዎትም» ቢባሉ ህመምዎ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን ጥርት አድርጎ አያሳይም።

የትኛው ነው የርስዎ?

አንደኛው በጣም የተለመደው የጅማት ህመም ነው። ክንድዎን ወደ ጎን ሲያነሱ መሐል ላይ ይወጋዎታል፤ ሌሊት በታመመው ጎን መተኛት ያቅትዎታል። ነገር ግን ሌላ ሰው እጅዎን ይዞ ቀስ ብሎ ቢያነሳልዎት ክንድዎ ይነሳል።

ሁለተኛው የደረቀ ትከሻ ነው፤ ሐኪሞች «ፍሮዝን ሾልደር» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ኮድማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1934 ነው። በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። እዚህ ላይ እርስዎም ሆኑ ሌላ ሰው ክንዱን ማንሳት አትችሉም፤ ከረጢቱ ተኮማትሮ ይዞታል። መለያው ቀላል ነው። ሁለቱንም ክርኖች ከጎን ጋር አጣብቀው ክንዶችዎን ወደ ውጭ ይክፈቱ። አንዱ እንደ በር ሲከፈት ሌላው ገና ሳይጀምር ከቆመ የደረቀ ትከሻ ሊሆን ይችላልና ይታዩ።

ሦስተኛው ከሌላ ቦታ የሚመጣ ህመም ነው። የአንገት ነርቭ፣ ልብ፣ ሐሞት ከረጢት፣ ሳንባ ሲታመሙ ህመሙ ትከሻ ላይ ሊሰማ ይችላል። ትከሻዎን ቢያንቀሳቅሱም ባያንቀሳቅሱም ህመሙ አንድ ዓይነት ከሆነ ይህንን ያስቡ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን። በኔዘርላንድስ አገር በሰፈር ጠቅላላ ሐኪሞች ዘንድ በትከሻ ህመም የቀረቡ ወደ 350 የሚጠጉ ሰዎችን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1996 ታትሟል። ውጤቱ ይህ ነው፦ በአንድ ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ የዳኑት ከ100 ሰዎች 23 ብቻ ነበሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ግን 59 ደረሱ። የቀሩት 41 ከዓመት በኋላም ህመሙ አልለቀቃቸውም፤ ወይም እየሄደ ይመለስባቸው ነበር።

ይህንን ቁጥር በሁለት በኩል ያንብቡት። በአንድ በኩል ተስፋ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጠው ሰው ይድናል። በሌላ በኩል ማስጠንቀቂያ ነው፤ የትከሻ ህመም የሳምንት ጉንፋን አይደለም። በሁለት ሳምንት ካልተሻለዎት የተሰጠዎት ሕክምና ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁለት ሳምንት ኪኒን ይውጣል፣ «አልሠራም» ይላል፣ ሌላ ሐኪም ይቀይራል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ክንዱን አጥፎ ይቀመጣል።

ቶሎ የዳኑት እነማን ነበሩ? ህመሙ በሥራ ብዛት ወይም በትንሽ ጉዳት የጀመራቸውና ሳይቆዩ ወደ ሐኪም የቀረቡት። የዘገየባቸውስ? ከትከሻው ጋር አንገታቸውንም የሚያማቸውና ሲቀርቡ ህመማቸው ከባድ የነበረ። ከዚህ የምንይዘው ትምህርት አንድ ነው። «ይተወኛል» እያሉ ወራት ማሳለፍ ለትከሻ አይጠቅምም።

የደረቀ ትከሻ ደግሞ የራሱ ጉዞ አለው። መጀመሪያ ለወራት ህመሙ እየባሰ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ህመሙ እየቀነሰ ትከሻው ይደርቃል፤ በመጨረሻ ቀስ በቀስ ይፈታል። ይህ ሁሉ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ድሮ «ሁሉም በራሱ ሙሉ በሙሉ ይፈታል» ይባል ነበር። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ታካሚዎችን በአማካይ ከአራት ዓመት በላይ የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ግን ከ100 ሰዎች 59 ያህሉ ትከሻቸው ደህና ወይም ለደህና የቀረበ እንደሆነ፣ 41 ያህሉ አንዳንድ ምልክት እንደቀረባቸው አሳይቷል። ደግነቱ ከቀረባቸው የአብዛኞቹ ቀላል ነበር፤ ክንዳቸውን እስከማጣት የደረሱት በጣም ጥቂት ናቸው።

ስኳር ካለብዎት ይህንን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብቡ

የስኳር በሽታ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን እንደሚጎዳ ሁላችንም ሰምተናል። ትከሻን እንደሚያደርቅ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያሰባሰበ ሥራ እንዳሳየው ከ100 የስኳር ታካሚዎች 13 ያህሉ የደረቀ ትከሻ ይይዛቸዋል፤ ይህም ስኳር ከሌለባቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸር አምስት እጥፍ ያህል ነው። በደም ውስጥ የሚበዛው ስኳር ከረጢቱንና ጅማቱን ከሠሩት ክሮች ጋር እየተጣበቀ ያጠነክራቸዋል። ለዚህ ነው ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የደረቀ ትከሻ የሚጠናውና የሚቆየው፤ አንዳንዴም ሁለቱንም ትከሻ የሚይዘው። የታይሮይድ (የእንቅርት ዕጢ) ህመም ያለባቸውም እንዲሁ ተጋላጭ ናቸው።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ስኳር እንዳለበት የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ቤት የሚሄደው ትከሻው ደርቆበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያለ ምክንያት ትከሻዎ ከደረቀ «ስኳሬን ለኩልኝ» ብለው ይጠይቁ። በጣት ጫፍ ደም የሚደረግ ቀላል ምርመራ ነው።

በትግራይ ላሉ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንጨምር። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት ወቅት የኢንሱሊንና የሌሎች መድኃኒቶች እጥረት ብዙ የስኳር ታካሚዎችን ክፉኛ ጎድቷል፤ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞችም ይህንን በወቅቱ ለዓለም ሲያሰሙ ነበር። በዚያ ጊዜ መድኃኒትዎ ተቋርጦ ከነበረ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ይህንን ይናገሩ። «ያለፈ ነገር ነው» ብለው አይተዉት። ዓይንዎን፣ ኩላሊትዎን፣ እግርዎን ሲያስመረምሩ ትከሻዎንም አንስተው ያሳዩ።

ሕክምናው ምንድን ነው?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምና እንድንሻ አስተምረውናል። ተወኩል ማለትም ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መስጠት ነው። ለትከሻ ሰበቡ አራት ነገር ነው።

1. ክንድዎን አያስሩት። ስብራት ወይም ውልቃት ከሌለ ክንድን በነጠላ አንጠልጥሎ ሳምንታት ማስቀመጥ ራሱ ትከሻን ያደርቃል። ከባድ ማንሳትን ለጊዜው ይተዉ፤ ቀላል እንቅስቃሴን ግን አይተዉ።

2. ማስታገሻን በልክ ይውሰዱ። ፓራሲታሞል ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ፍሬ በ24 ሰዓት ከ8 እንዳይበልጥ፤ የጉበት ህመም ካለብዎት ሐኪም ይወስንልዎ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨጓራን፣ ኩላሊትንና የደም ግፊትን ስለሚነኩ በባዶ ሆድ አይወሰዱም። በረመዳን ከኢፍጣር ምግብ በኋላ እንጂ በቴምርና በውሃ ብቻ አይውጧቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ዴክሳ» የሚባለውን ኪኒን ወይም መርፌ ራስዎ ከፋርማሲ ገዝተው አይጠቀሙ። ህመሙን ፈጥኖ ስለሚያጠፋ ሰው ይወደዋል፤ ነገር ግን ስኳርን ያንራል፣ አጥንትን ያሳሳል።

3. እንቅስቃሴ (ስፖርት) ይሥሩ። ዋናው መድኃኒት ይህ ነው፤ ዝርዝሩ ከታች አለ።

4. መርፌ ካስፈለገ በሐኪም እጅ ይሁን። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጠው የኮርቲሶን መርፌ ለሳምንታት እፎይታ ይሰጣል፤ በተለይ በደረቀ ትከሻ መጀመሪያ ላይ ይጠቅማል። ለዓመታት የሚዘልቅ ፈውስ ግን አይደለም። ስኳር ካለብዎት ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት ስኳርዎ ከፍ ሊል ስለሚችል አስቀድመው ይንገሯቸው።

«ኦፕራሲዮን ቢደረግልኝስ?» የሚሉ አሉ። በእንግሊዝ አገር ከትከሻ አጥንት ሥር ያለውን ቦታ ማስፋት የተባለውን የተለመደ ቀዶ ሕክምና ከ«የይስሙላ» ቀዶ ሕክምና ጋር ያነጻጸረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። በሁለቱ መካከል ለታካሚው የሚሰማ ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመውና 503 ሰዎችን ያሳተፈው የደረቀ ትከሻ ጥናትም ሁለት ዓይነት የቀዶ ክፍል ሕክምናዎችን ከመርፌና ከፊዚዮቴራፒ ጋር አነጻጽሮ አንዱ ከሌላው በጉልህ እንደማይበልጥ አሳየ። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ፤ ለምሳሌ በአደጋ ጅማታቸው የተበጠሰ። ለአብዛኞቻችን ግን «ገንዘብ ስላጣሁ ነው የማልድነው» የሚለው ሐሳብ ትክክል አይደለም።

ለዚህ የሚያስደስት ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ 708 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ተገናኝተው እንቅስቃሴውን ተምረው ቤታቸው የሠሩትን እስከ ስድስት ጊዜ ከተመላለሱት ጋር አወዳደረ። ከዓመት በኋላ ውጤታቸው እኩል ነበር። ከአድዋ ወይም ከአላማጣ መቀሌ ድረስ በየሳምንቱ መመላለስ ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው። አንድ ጊዜ በደንብ ይማሩ፤ ከዚያ ቤትዎ ይሥሩ።

ቤት ውስጥ የሚሠሩ አምስት እንቅስቃሴዎች

ጊዜ እንዳይረሱ ከሰላት ጋር ያያይዙት። ከዙህር፣ ከአስርና ከዒሻእ በኋላ ዚክርዎን ጨርሰው አሥር አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ፔንዱለም፦ በደህናው እጅዎ ጠረጴዛ ተደግፈው ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ። የታመመውን ክንድ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ለቀው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ከዚያም በትንሽ ክብ ያወዛውዙት። አንድ ደቂቃ።

ጠረጴዛ ላይ ማንሸራተት፦ ተቀምጠው መዳፍዎን በጨርቅ ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ወደ ፊት ይግፉ፤ ደረትዎም ይከተል። 10 ጊዜ።

ግድግዳ መውጣት፦ ግድግዳ ፊት ቆመው በጣቶችዎ እንደ ሸረሪት ቀስ ብለው ወደ ላይ ይውጡ። የደረሱበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። 10 ጊዜ። ከወር በኋላ ምልክቱን ሲያዩ ራስዎ ይገረማሉ።

በበትር ወደ ውጭ መክፈት፦ ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው አጭር በትር ወይም የመጥረጊያ እጀታ በሁለት እጅ ይያዙ። በደህናው እጅ በትሩን እየገፉ የታመመውን ክንድ ወደ ውጭ ይክፈቱ። 10 ጊዜ። ለደረቀ ትከሻ ዋነኛው ይህ ነው።

ብራኳን ማገናኘት፦ ቀጥ ብለው ተቀምጠው የጀርባዎን ሁለት ብራኳዎች ወደ መሐል ይጭመቁ፤ እስከ አምስት ቆጥረው ይልቀቁ። 10 ጊዜ።

ህመሙ ሲቀንስ ጡንቻ ማጠንከር ይጀምሩ። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ውሃ በእጅዎ ይዘው ክንድዎን ቀስ ብለው ማንሳትና ማውረድ ይበቃል።

ምን ያህል ህመም ይፈቀዳል? ሲሠሩ ትንሽ ቢያምዎ አይደንግጡ፤ አልተበጠሰም። ህመሙ ሌሊቱን እንቅልፍ ከከለከለዎት ወይም እስከ ማግስቱ ከባሰ ግን በሚቀጥለው ቀን በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አይተዉት። ቢያንስ ለ12 ሳምንት ይታገሱ።

ትዕግሥቱ ራሱ የሕክምናው አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና ከ1,000 በላይ የትከሻ ታካሚዎችን የተከታተለ የእንግሊዝ ጥናት እንዳሳየው «እድናለሁ» ብለው የሚጠብቁና «ህመሙ ቢኖርም ሥራዬን እሠራለሁ» ብለው በራሳቸው የሚተማመኑ ሰዎች የተሻለ ውጤት አግኝተዋል።

ወጌሻ ጋ ከመሄድዎ በፊት

የወጌሻን ሙያ አናናንቅም። በእስልምናው ዓለም ታላቁ የቀዶ ሕክምና ሊቅ አል-ዘህራዊ ከሺህ ዓመት በፊት ስለ ስብራትና ውልቃት አጠጋገን በሰፊው ጽፈዋል። ዛሬ ግን ራጅ አለ። ከወደቁ በኋላ የተጎዳ ትከሻ ስብራት ይሁን ውልቃት በእጅ ዳሰሳ ብቻ አይለይም። የተሰበረን ትከሻ እንደ ውልቃት መጎተት ነርቭና የደም ሥር ሊቆርጥ ይችላል። ክንድን በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደም አቋርጦ ክንድ እስከማስቆረጥ አድርሷል። የደረቀ ትከሻን በኃይል «ማላቀቅ»ም እንዲሁ አደጋ አለው፤ በተለይ አጥንታቸው በሳሳ እናቶች ላይ። ቀለል ያለ መታሸትና የሞቀ ጨርቅ ግን ደስ ካሰኘዎት ችግር የለውም።

ውዱእ፣ ሰላትና እንቅልፍ

እጅዎ እስከ ጆሮዎ ካልደረሰ እስከቻሉት ያንሱ፤ ዲናችን ከአቅም በላይ አያስገድድም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልሆነለት በጎኑ ሆኖ እንዲሰግድ ማስተማራቸው የታወቀ ነው። ከሱጁድ ሲነሱ በታመመው ክንድ አይደገፉ፤ ክብደትዎን በደህናው እጅና በጉልበትዎ ያድርጉ። ውዱእ ላይ ክንድዎ ካልታዘዘልዎ ልጅዎ ውሃ ያፍስስልዎ። በሐጅ ወይም በዑምራ ጉዞ ላይ ያሉ ደግሞ ስለ ጠጠር ውርወራው አስቀድመው ዑለማዎችን ይጠይቁ። በጾም ቀን መርፌ ስለመወጋትም እንዲሁ፤ አስቸኳይ ካልሆነ ቀጠሮውን ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይቻላል።

በቀኝ ጎን መተኛት ሱንና መሆኑን እናውቃለን። የታመመው ቀኙ ከሆነ ግን እስኪሻልዎ በግራዎ ወይም በጀርባዎ ይተኙ። በግራዎ ሲተኙ ትራስ አቅፈው የታመመውን ክንድ በትራሱ ላይ ያሳርፉት። ልብስ ሲለብሱ የታመመውን እጅ መጀመሪያ ያስገቡ፤ ሲያወልቁ መጨረሻ ያውጡ።

ከምግብ ጠረጴዛው

ትከሻን ብቻውን የሚያድን ምግብ የለም። ጥቁር አዝሙድም ማርም በረከት ያላቸው ናቸው፤ ነገር ግን ስኳርን ለመቆጣጠር የታዘዘልዎትን መድኃኒት አይተኩም፤ ማር ራሱም ስኳር ነው። ለትከሻ የሚጠቅመው ምግብ ስኳርን የሚቆጣጠርና ጡንቻን የሚገነባ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ የትግራዩ ሕልበት፣ እንቁላል፣ ጎመን ሁሉም ከገበያችን አይጠፉም። የምንጎዳው ብዙ ጊዜ በሻዩ ነው። በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር በቀን አምስት ጊዜ ሲጠጣ 15 ማንኪያ መሆኑን ያስሉት። በረመዳንም ኢፍጣርን በሳምቡሳና በጣፋጭ ብቻ አንሙላው። ስኳር ያለበት ሰው ከረመዳን አንድ ሁለት ወር ቀድሞ «መጾም እችላለሁ ወይ? መድኃኒቴስ እንዴት ይቀየር?» ብሎ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሳይውሉ ሳያድሩ መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

- የግራ ትከሻ ወይም ክንድ ህመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ሲመጣ፤ ይህ ልብ ሊሆን ይችላል።
- ወድቀው ወይም ተመትተው ክንድዎ ካልተነሳ፣ ወይም የትከሻው ቅርጽ ከተለወጠ።
- ትከሻው ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳትም ካለ።
- የወር አበባ የቀረባት ሴት ሆዷን እያመማት የትከሻዋ ጫፍም ካመማት፤ ከማኅፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ሊሆን ይችላል።
- ክንድዎ ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ።

ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ሌሊት ካላበዎት፣ ሳል ከቆየብዎት ወይም ትከሻው አካባቢ እብጠት ከዳሰሱም ቀጠሮውን አያዘግዩ። በስድስት ሳምንት እንቅስቃሴና ማስታገሻ ምንም ለውጥ ካላዩ ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሱ፤ ወደ ላይ የሚልክዎ እሱ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የመጣንበትን በአጭሩ እንያዘው። የትከሻ ህመም አብዛኛውን ሰው ይለቃል፤ ግን በወራት ሒሳብ እንጂ በቀናት አይደለም። ቶሎ የቀረበ፣ ክንዱን ያላሰረ፣ ስኳሩን የተቆጣጠረና በትዕግሥት የተንቀሳቀሰ ሰው የተሻለ ተስፋ አለው። በዚህ ጁሙዓ ከጎንዎ የቆሙት አባት እጃቸው ደረታቸው ላይ ሲቀር ካዩ ከሰላት በኋላ ሰላምታ ሰጥተው ይጠይቋቸው፤ «አባቴ፣ ትከሻዎን ታይተዋል ወይ? ስኳርዎንስ ተለክተዋል?» ይበሏቸው። «ብርድ ነው» ቢሉዎት ይህንን ገጽ ያንብቡላቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሁሉ ሺፋእ፣ ለእኛም ጤናና ዓፊያ ይስጠን። አሚን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።